እመኑ ተብሎ ይታዘዛል?

አለቃ ሠራተኛውን «ይህን ሥራ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሕጉም ደመወዙም ይህን ሥልጣን ሰጥተውታል። «ያዘዝኩህ ነገር ትክክል እንደሆነ እመን» ብሎ ማዘዝስ ይችላል? ጥያቄው ለካህናት የሚቀርብ ይመስላል። እኔ ግን ያገኘሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አቧራና ሙጫ በሚሸትበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ስላልለቀቀኝ እጽፈዋለሁ።

ለውጥ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባው በደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ በመዝገብ ቤት ሳያልፍ የትም አይደርስም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቀረጸው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም አምስት ንዑሳን ፕሮግራሞቹን አስከትሎ ሲመጣ ገቢ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሁላችንም ቢፒአር ያልነው፣ ቀጠለ። ውጤት ተኮር መጣ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ከማጣራት እስከ ማዝለቅ ያሉት አምስቱ ማዎች ግድግዳችን ላይ ተለጠፉ። የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ የዜጎች ቻርተር፣ ጥልቅ ተሐድሶ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ከፍቼለታለሁ። ስለ ሁሉም መጻፍ አያስፈልገኝም። ከሁሉ ይልቅ ወደ ሰው እንጀራ የገባው ቢፒአር ስለሆነ በእሱ ላይ ልቁም።

የጥናት ቡድኑ ወደ ክፍላችን የመጣው ነባሩን አሠራር ለመመዝገብ ነበር። አንዲት ወጣት ባለሙያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ማመልከቻ ከበር ገብቶ ምላሽ ይዞ እስኪወጣ የሚያልፍበትን ጠረጴዛ አንድ በአንድ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ባለጉዳዩ ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ ጸሐፊዋ ለእኔ ትልካለች፤ ቁጥር ሰጥቼ፣ የቆየውን ፋይል ፈልጌ አያይዤ ለመምሪያ ኃላፊው አስገባለሁ፤ ኃላፊው በጠርዙ ላይ ለአገልግሎት ክፍሉ ይመራዋል፤ ወደ እኔ ይመለሳል፤ አገልግሎቱ ለቡድን መሪው ይመራል፤ እንደገና በእኔ በኩል ያልፋል፤ ቡድን መሪው ለባለሙያው። ባለሙያው የሁለት መስመር ምላሽ ያረቅቃል። ረቂቁ በወረደበት ደረጃ ተመልሶ ይወጣል፤ በየደረጃው አጭር ፊርማ ያርፍበታል፤ ይተየባል፤ ይፈረማል፤ ይታተማል፤ ወጪ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ልጅቷ እያንዳንዷን እርምጃ በትንሽ ሳጥን ሥላ በቀስት አያያዘቻት። ከዚያ ከመጀመሪያው ሳጥን ተነሥታ «እዚህ ጋ ወረቀቱ ላይ ምን ይጨመርበታል?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። «ምንም፤ ይመራል» ያልኩበት ሳጥን ከሌላው ሁሉ በዛ።

ሥዕሉን ሳየው ዝም አልኩ። ከፍቼ ከተማ ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ «ነገ ተመለስ» የሚባለው ገበሬ የሚጉላላው በማንም ክፋት እንዳልነበረ ያን ቀን ገባኝ። ወረቀቱ ማንም ምንም ሳያደርግበት የሚያድርባቸው ጠረጴዛዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ የእኔ ነበር። ለውጥ ያስፈልጋል ብዬ እንዳምን ማንም አላዘዘኝም። የተጠየቅሁት የማውቀውን እንድናገር ብቻ ነው፤ ተናግሬ ስጨርስ አምኜ ተገኘሁ። ይህችን ነገር አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሷ ጋር የሚጣላ ነው።

ጥናቱ አልቆ አዳራሽ ተጠራን። ራእይ፣ ተልእኮ፣ የተለጠጠ ግብ፣ ከባዶ ወረቀት መነሣት፣ የሥራ ሂደት ባለቤት፤ ሁሉም በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ሰፈረ። የለውጡን ትርጉም ያነበብነው ግን ከማስታወሻችን ላይ አልነበረም። የምደባው ዝርዝር ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ስም ፈለገ፣ ቀጥሎ የጠረጴዛ ጎረቤቱን፣ ቀጥሎ በዋና የሥራ ሂደት ውስጥ ማን እንደገባና በደጋፊው ውስጥ ማን እንደቀረ አየ። መዝገብ ቤት ደጋፊ ሆነ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት እንኳ ፋይል በእጃቸው ዳስሰው የሚያወጡ ሰው፣ ስማቸው በየትኛውም ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ተንሳፋፊ ተባሉ። ጠዋት እየመጡ ይፈርማሉ፤ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ስለሌለ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። በዚያ ኮሪደር ላይ በቀን ስንት ሰው ያልፋል! ያለፈ ሁሉ የለውጡን ሰነድ ሳይገልጥ ለውጡን አነበበው።

ከብዙ ዓመት በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ማስተርሴን ስማር የዚህ ሁሉ ምንጭ የሆነውን ጽሑፍ አገኘሁት። ማይክል ሐመር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990 በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያወጣው ነው። መከራከሪያው ነባሩን አሠራር በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል የሚል ነው። ዋና ምሳሌው የፎርድ ኩባንያ የክፍያ ክፍል ነው፤ በፎርድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ከ500 በላይ ሰዎች ሲሆኑ በማዝዳ አምስት ብቻ ነበሩ። ፎርድ የግዢ ትእዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና የሻጩን ሂሳብ መጠየቂያ ማመሳከሩን ትቶ፣ ዕቃው ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ ከትእዛዙ ጋር ከተገናኘ ይከፈል አለ፤ ሠራተኛውም በሦስት አራተኛ ቀነሰ። አሠራሩን ሳነብ እንደ ባለሙያ ደስ አለኝ፤ የተጣራ ሥራ ነው። እንደ ሰው ደግሞ ደነገጥሁ። እኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን የፈራነው ነገር በመሠረተ ጽሑፉ ውስጥ እንደ ዋና ማስረጃ ተቀምጦ ኖሯል። በስብሰባው ላይ «ለውጡን በትክክል አልተረዳችሁትም» ተብለን ነበር። ተረድተነው ነበር። ሰው የተነገረውን ሰምቶ ብቻ አይረዳም፤ የተደረገውን አይቶ፣ ያልተነገረውንም ገምቶ ይረዳል።

እንግዲህ አመራሩ ምን ያድርግ? እምነትን መፈለጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሥራው ካርቶን መሸከም ብቻ ቢሆን መታዘዝ ይበቃ ነበር። መስኮት ላይ ተቀምጣ ባለጉዳይ የምታስተናግድ ሠራተኛ ግን ሰነዱን ዛሬ ትፈልገው ወይስ ነገ የሚወስነው ልቧ ነው፤ ይህን ደግሞ ተቆጣጣሪ አይደርስበትም። ለውጡ ልብን ይፈልጋል፤ ልብ ደግሞ በትእዛዝ አይመጣም። መሥሪያ ቤታችን ከዚህ ጭንቅ የወጣው አመለካከት የሚል ረድፍ በምዘና ቅጹ ላይ በመጨመር ነው። ከዚያ ወዲያ በግምገማ ላይ «ለውጡን ተቀብለሃል?» ሲባል «አልተቀበልኩም» ያለ ሰው አላየሁም። የጠየቀ ሰው «የአመለካከት ችግር ያለበት» ይባል ነበር። ስለዚህ ሁሉም በአፉ ተቀበለ።

ይህን በሃይማኖት ዓይን ሳየው ይከብደኛል። ቤተ ክርስቲያን ጸሎተ ሃይማኖት የምታስደግም፣ ለእምነቷ ሰማዕታት የሞቱላት ናት፤ ስለ እምነት ከማንም በላይ የምትጨነቅ እሷ ናት። ያም ሆኖ በጥንት ሥርዓቷ ለንዑሰ ክርስቲያን ቦታ ሰጥታለች። እየተማረ ያለ፣ ገና ያልተጠመቀ ሰው ንባቡንና ስብከቱን ይሰማል፤ ምሥጢሩ ሊጀመር ሲል በዲያቆኑ አዋጅ ይወጣል። ያላመነውን አምኛለሁ እንዲል አይገደድም፤ ጠላትም አይባልም። በሚያምኑትና በማያምኑት መካከል በክብር የሚቆይበት ስፍራ አለው። በእኛ መሥሪያ ቤት ግን የለውጥ ደጋፊና የለውጥ እንቅፋት ብቻ ነበሩ። ሰውን ያላመነውን እንዲመሰክር ማድረግ ከአስተዳደር ስሕተት ያልፋል፤ በነፍሱ ላይ የሚፈጸም በደል ነው ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ቃሉና ልቡ አንዴ ከተለያዩ በኋላ ሰውየው ስለ ለውጡ የሚናገረውን ራሱም አይሰማውም።

የሐዋርያት ሥራን ሳነብ ከምዕራፍ 10 ጀምሮ ያለው እንደ አንድ ማኅበር የለውጥ ታሪክ ሆኖ ይታየኛል። ጴጥሮስ በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው ስምዖን ቤት ሰገነት ላይ በቀትር ሊጸልይ ወጣ። ሕጉ የከለከላቸው እንስሳት በትልቅ ጨርቅ በሚመስል ነገር ወርደው አርዶ እንዲበላ ተነገረው። አይሆንም አለ። ነገሩ ሦስት ጊዜ ሆነበት። ልብ በሉ፤ ትእዛዙ ከሰማይ ነው፤ ከዚያ በላይ የበላይ አካል የለም። ተቀባዩም የሐዋርያት አለቃ ነው። ራእዩ ሲያልፍ ግን ሉቃስ የሚነግረን ጴጥሮስ ግራ ገብቶት ትርጉሙን ሲያሰላስል እንደነበር ነው። እንዲህ እያለ ከቂሳርያ የተላኩ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ። ሳይገባው አብሯቸው ሄደ። የገባው በማግሥቱ ተጉዞ በሌላው ቀን ከደረሰ በኋላ፣ በመቶ አለቃው በቆርኔሌዎስ ቤት፣ አይሁዳዊ ሊገባበት በማይገባው ደጃፍ ገብቶ፣ ተሰብስበው የሚጠብቁትን ሰዎች ፊት ለፊት ሲያይ ነው።

ካርል ዋይክ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ሰዎች በድርጅት ውስጥ ነገሮችን እንዴት እንደሚረዱ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው አንድ ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሰው መጀመሪያ ተረድቶ ቀጥሎ ይሠራል የሚለውን ልማዳዊ ሐሳብ ይገለብጠዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሠርተን፣ የሠራነውን ዞር ብለን አይተን ነው ትርጉም የምንሰጠው ይላል። የእኔም የሳጥኖቹ ሥዕል እንዲሁ ነበር፤ ያመንኩት በእጄ የሠራሁትን ተናግሬ ሳየው ነው። እንግዲህ ትርጉም ከሥራ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰው ሥራውን ሳይጀምር እምነቱን መጠየቅ የማይገኝ ነገር መፈለግ ይሆናል።

ጴጥሮስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ምስጋና አልጠበቀውም። ካልተገረዙ ሰዎች ጋር እንዴት በላህ ብለው ተሟገቱት። ሥልጣኑን ሊያነሣ ይችል ነበር፤ ራእይ አይቻለሁ፣ ዝም በሉ ማለት ይችል ነበር። ያደረገው ግን ነገሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ በተራ መተረክ ነው፤ እንቢ ማለቱንም አልደበቀም። አብረውት የሄዱትን ስድስት ወንድሞችም ጠቀሰ። እኔ በሥራ ዘመኔ ስለ ለውጥ ያዳመጥኳቸው ኃላፊዎች ብዙ ናቸው፤ «እኔም መጀመሪያ አልተዋጠልኝም ነበር፤ ያሳመነኝ እንዲህ ያለ ነገር ነው» ያለ አንድም አላስታውስም። ቢሉ ኖሮ ግማሹ አዳራሽ ይከተላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚከተለው የደረሰበትን ብቻ የሚያሳየውን ሰው አይደለምና፤ የመጣበትንም ሊያይ ይፈልጋል።

መሪው ትክክል ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ፣ ባሰብኩት ቁጥር የሚያስጨንቀኝ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1949 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ማን ጋልች በሚባል ሸለቆ፣ በጃንጥላ የወረዱ የደን እሳት አጥፊዎች እሳቱ ዞሮ መጣባቸው። የቡድኑ አለቃ ዋግነር ዶጅ ሁለት ነገር አደረገ። መጀመሪያ መሣሪያችሁን ጣሉ አለ። ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኮሰውና በተቃጠለው ቦታ አመድ ላይ እንዲተኙ ጠራቸው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቀድሞ የተቃጠለ መሬት ሁለተኛ አይቃጠልም። ሰዎቹ ግን ከእሳት እየሸሹ ሳለ አለቃቸው እሳት ሲለኩስ አዩ። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አልፈውት ወደ ገደሉ ሮጡ። አሥራ ሦስት ሰዎች ሞቱ። አመዱ ላይ የተኛው ዶጅ ተረፈ፤ ሁለት ወጣቶችም በገደሉ ስንጥቅ አልፈው ዳኑ። ዋይክ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ አደጋ ሲጽፍ ካነሣቸው ነገሮች አንዱ የመሣሪያው ጉዳይ ነው፤ እሳት አጥፊ መጥረቢያውንና አካፋውን ጣል ሲባል ማን ሆኖ ይቀራል? አለቃው ዝም የሚል፣ ከእነሱም ጋር እምብዛም አብሮ ያልሠራ ሰው ነበር። በጭንቅ ሰዓት አንድ እንግዳ ትእዛዝ እንዲታመን የሚያደርገው በደህናው ቀን የተሠራ መተማመን ነው፤ እሱ ደግሞ አልነበረም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ እሳት የለም፤ ሰውም አልሞተብንም። ሆኖም ወጪና ገቢ መዝገቡን አስረክቡ በተባልን ቀን ጋሼ ያሉትን አልረሳም። «መዝገቡን ውሰዱት፤ እኔን የምትጽፉበት ገጽ የቱ ነው?» ነበር ያሉት። ጥያቄያቸው የጥቅም ጥያቄ ተደርጎ ተወሰደ። ስለ ደመወዝ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ደመወዛቸው እንደሆነ አልተቋረጠም ነበር።

ታዲያ ከአዳራሹ ስብሰባና ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሌላ ትርጉሙ የሚሠራው የት ነው? በእኛ መሥሪያ ቤት በሻይ ክበቡ ነበር፤ በሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር። ጁሊያ ባሎገንና ጌሪ ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ ግል በተዛወረ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ውስጥ መካከለኛ ኃላፊዎችን የየጊዜውን ማስታወሻ እያስጻፉ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያሳያል፤ ለውጡን የተረዱት ከበላዮቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ፣ ብዙ ጊዜም አለቆቹ በሌሉበት ነበር። ይህ ለአመራር ስጋት ይመስለው ይሆናል። ለእኔ ግን የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ሰው እንግዳ ነገር ሲመጣበት የሚያምነውን ሰው ዓይን ያያል።

አባቴ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከጓዳ ሆኜ የማዳምጠው ጉባኤያቸውን ነበር። ንባቡ በግእዝ ይባላል፤ በአማርኛ ይፈታል፤ ከዚያ አንድም እያሉ ትርጓሜው ይከተላል፤ አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የነፍስ፣ አንዱ የታሪክ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ንባቡ ግን አንድ ነው፤ ተማሪ ከንባቡ አንዲት ፊደል ቢያዛባ አባቴ አቁመው ያስመልሱት ነበር። ይህን ከመሥሪያ ቤት ጋር ያያያዝኩት ዘግይቼ ነው። የለውጥ ሰነዶቻችን የተገላቢጦሽ ሄዱ። ንባቡን፣ ማለት ምን እንደሚደረግ፣ ማን የት እንደሚሄድ፣ በምን መመዘኛ እንደሚመደብ፣ ደብዛዛ አደረጉት፤ ትርጓሜውን ግን፣ ማለት ስለ ነገሩ ምን ማሰብ እንዳለብን፣ አንድ ብቻ ይሁን አሉ። ምን እንደሚደረግ ጥርት ብሎ ቢነገረንና ለምን እንደሚጠቅም ግን እያንዳንዱ ክፍል ከሥራው አንጻር ቢያመጣ ምን ነበረበት? ሂሳብ ክፍሉ የራሱን፣ መዝገብ ቤቱ የራሱን፣ ተላላኪዋ የራሷን ታመጣ ነበር። ተላላኪያችን በእርግጥም አንድ ነበራት። «ከእንግዲህ ደረጃ መውጣትና መውረዱ ከቀረልኝ፣ ይህ ነገር ከእግዚአብሔር ነው» ብላ ነበር፤ ጉልበቷን ታማ ነበርና። ከሰማኋቸው የቢፒአር ትርጓሜዎች ሁሉ እውነት የነበረው ይኸኛው ነው።

አባቴ ግን አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፤ እኔም ለሠራተኛው ወገን ስናገር ልዘለው አልችልም። አንድም ማለት የፈለጉትን መናገር አልነበረም። ትርጓሜ ያመጣ ሰው ከየት እንዳመጣው፣ ከየትኛው መምህር እንደሰማው፣ ከንባቡ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ይጠየቃል። ከእኛ መካከል ይህን የሸሸ ብዙ ነበር። «ያልፋል» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤታችን እንደ ጥበብ ይቆጠር ነበር። ደርግ አለፈ፣ ማሻሻያው አለፈ፣ ይህም ያልፋል። ይህን ያለ ሰው ለውጡን አልመረመረውም፤ ከመመርመር ራሱን አሳረፈ። ሲያልፍ እየጠበቀ ሳለ ከፍቼ የመጣው ሰውዬ መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ለእሱ የሚያልፍበት የሥራ ቀኑ ነው። የሳጥኖቹን ሥዕል አይቼ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ከባልደረቦቼ ጋርም የተቀያየምኩበት ጊዜ ነበር። አለቃው ልቤን በግድ ሊወስድ መብት የለውም፤ እኔም ልቤን ቆልፌ የባለጉዳዩን ጊዜ ልበላ መብት የለኝም። ሁለቱንም እይዛለሁ።

ወደ ኢየሩሳሌም ልመለስ። ምዕራፍ 15 ላይ ማኅበሩ ሙሉ ተሰብስቦ ጉዳዩን አነሣ። ሉቃስ ብዙ ክርክር እንደነበር ጽፏል፤ ከዚያ ጴጥሮስ፣ ከዚያ በርናባስና ጳውሎስ፣ በመጨረሻም ያዕቆብ ተናገሩ። ውሳኔው ደብዳቤ ሆነ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ደብዳቤው ብቻውን አልተላከም። ይሁዳና ሲላስ ያንኑ ነገር በቃል እንዲናገሩ አብረው ሄዱ፤ አንጾኪያም ተቀመጡ፣ ሕዝቡን አጽናኑ። በእኔ እጅ ካለፉት የለውጥ ደብዳቤዎች መካከል ሰው ተከትሎት የመጣ፣ መጥቶም የተቀመጠ፣ በጣት የሚቆጠር ነው።

በዚያም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እንደጻፈው፣ ያው ራእዩን ያየው፣ ቆርኔሌዎስ ቤት የገባው ጴጥሮስ፣ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ፤ በርናባስ እንኳ ተከተለው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ወቀሰው። ሁለቱም ቅዱሳን ናቸው፤ በአንድ ቀን እናከብራቸዋለን። ግጭታቸው ግን ከመጽሐፍ አልተፋቀም።

ይህ የቃለ ጉባኤን ነገር ያነሣብኛል። የለውጥ ስብሰባዎቻችንን ቃለ ጉባኤ ሁሉ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ተነሥቶ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ የተናገረው፣ ሁለት ሰዓት የፈጀው ክርክር፣ በወረቀቱ ላይ «ከሠራተኞች ሐሳብ ተነሥቶ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» ተብሎ በአንድ መስመር ያልቃል። የጋሼም ጥያቄ ከዚያች መስመር ውስጥ ነው ያለው። ማንኛውም ሰው ፋይሉን አስወጥቶ ቢያነብ ምን እንደጠየቁ አያገኘውም፤ ምን እንደተመለሰላቸውም አያገኘውም። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ለውጥ ያመጣው ቡድን ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ሰማው፤ የቀደመው መልስ ተጽፎ ስላልተገኘ እንደ አዲስ ተጨነቀ።

የእህቴ ልጅ አሁን የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በአንድ አዳራሽ ባለጉዳይ በሚያስተናግዱበት ማዕከል ተመድባ ትሠራለች። ሥራው ፈጣን ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ጸሐፊ ሆና ቃለ ጉባኤ ያዘች። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አንድ ባለጉዳይ በአንድ ቀን ሦስት መስኮት ዞሮ በመጨረሻ ቢበደል አቤቱታውን የሚመረምረው ሁላችንን የሚያስተዳድረው ማዕከል ነው ወይስ የላኩን መሥሪያ ቤቶች፣ ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ አልነበረም። «አክስቴ፣ ይህን እንዴት ልጻፈው?» ብላ ደወለችልኝ። እንደተጠየቀ ጻፊው አልኳት፤ መልስ አለመሰጠቱንም ጻፊ። ጻፈችው። ሰብሳቢው ሲያነቡት እንዲያጥር ፈልገው ነበር፤ ተሰብሳቢዎቹ ባለበት ይቆይ አሉና ሁሉም ፈረሙበት። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል።